ኧረ ቀስ በል፤ ቶሎ እንድንደርስ!

ከሜክሲኮ ካዛንቺስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ይህን ጥያቄ ለአዲስ አበባ ልጅ ብታቀርቡለት መልስ ከመስጠቱ በፊት «በስንት ሰዓት?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እሑድ ጠዋት ከሆነ ወሬ ሳይጀመር ይደረሳል። ሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሆነ ግን ታክሲ ውስጥ ተዋውቆ፣ ስልክ ተለዋውጦ፣ ተኳርፎ ለመታረቅም ጊዜ ይበቃል። ርቀቱ እኮ ቢበዛ ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ነው! በእግሩ የተነሣ ሰው ቀድሟችሁ ደርሶ፣ ማኪያቶውን አዝዞ፣ «የት ደረሳችሁ?» እያለ ይደውላል።

በዚህ ሁላችንም እንስቃለን። የማያስቅበት ጊዜም አለ። ሰሞኑን ለዚህ ገጽ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ሲጀምር ስለ ፍቅር ይመስላል፤ እያነበቡት ሲሄዱ ስለ መንገድ ሆኖ ይገኛል።

ጸሐፊዋ ካዛንቺስ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ የ26 ዓመት ወጣት ናት። የእሷም የእሱም ስም እንዳይወጣ አደራ ብላናለች፤ እኛም ድሮም አናወጣም። ፍቅረኛዋ ካዛንቺስ ተወልዶ ካዛንቺስ ያደገ ልጅ ነው። ሥራው እዚያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ከቤቱ ሥራ ቦታው በእግር ይመላለስ ነበር፤ ምሳውን ቤቱ በልቶ የሚመለስበት ቀንም አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ግን ሰፈሩ ተነሣ። ከተነሡት ብዙዎቹ አቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ጉራ ሲሄዱ የእሱም ቤተሰብ አብሮ ሄደ።

ያ በእግሩ ይመላለስ የነበረ ልጅ አሁን ሌሊት 11 ሰዓት ይነሣል። በቃሊቲ፣ በሳሪስ፣ በጎተራ አድርጎ ነው ሥራ የሚገባው። ስድስት ወር ያህል በታክሲና በአውቶቡስ ታገለና በመጨረሻ ተበድሮ አንድ አሮጌ ቪትዝ ገዛ። «ደስ ብሎን ነበር» ትላለች ልጅቷ። «ከዚያ ወዲህ ግን መሪ ሲይዝ የማላውቀው ሰው ይሆንብኛል። ክላክስ ነው፣ ስድብ ነው፣ መስመር መቀያየር ነው። ከመኪናው ሲወርድ ደግሞ ያው የማውቀው ልጅ ነው።»

አንድ እሑድ ቢሾፍቱ ውለው ሲመለሱ የሆነውን ነው ልትነግረን የጻፈችው። በፍጥነት መንገዱ መጥተው ቱሉ ዲምቱ ወዳለው የክፍያ ጣቢያ ሲቃረቡ መኪናው ሁሉ ተደርድሮ ቆሟል። ልጁ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ታገሠ። ከዚያ ፍሬቻ እንኳ ሳያሳይ ወደ ቀኝ ወጣና ባዶውን የመንገድ ጠርዝ ይዞ ይከንፍ ጀመር። «አትፍሪ፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው» አላት። ጥቂት እንደሄዱ ከፊታቸው ጎማዋ የፈነዳ አንዲት መኪና ብቅ አለች። አባትየው ክሪክ ይዞ ተንበርክኳል፤ ሁለት ልጆች ከመኪናዋ ኋላ ቆመዋል። ፍሬኑ ጮኸ። ቪትዟ ስትቆም በመካከላቸው የቀረው አንድ እርምጃ ነበር።

ማንም አልሞተም፤ ማንም አልተጎዳም። «አባትየው ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር» ትላለች። «ዝም ብሎ ልጆቹን አቅፎ አየን።» ከዚያ ቀን ወዲህ እሱ በሚነዳው መኪና አልገባችም። እሱ ደግሞ «ምንም ሳይፈጠር ታካብጃለሽ፤ ስላልወደድሽኝ ነው» እያለ አኩርፏል። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «እውነት እያካበድኩ ነው?»

እህታችን፣ አላካበድሽም። ነገሩን ግን በዚህ ብቻ ቋጭተን ብንተወው ልጁ አንድ የሚለው አለው። «መንገዱ ሞልቷል፣ ጠርዙ ባዶ ነው፤ ባዶ ሆኖ ለማን ይጠቅማል?» ይላል። እንዲያው የማይረባ ጥያቄ እንዳይመስላችሁ! ይህንኑ ጥያቄ እንግሊዝ፣ ጀርመንና ሆላንድ በመንግሥት ደረጃ ጠይቀውታል፤ ብዙ ገንዘብም አፍስሰውበታል። ያገኙት መልስ ደግሞ ለቱሉ ዲምቱም ለካዛንቺስም የሚሆን ነው።

ጥፋተኛ የሌለበት መቆም

መጀመሪያ መንገድ ለምን ይቆማል? እኛ ሁልጊዜ የምንጠረጥረው ሰው አለን፤ ወይ ትራፊክ ፖሊሱ፣ ወይ ፊት ያለው «ቀርፋፋ» ሹፌር፣ ወይ የሆነ ቦታ የተጋጨ መኪና። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ ይህን ጥርጣሬ ፈተሹት። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪኖች አሰለፉ። መብራት የለም፣ መስቀለኛ የለም፣ ታክሲ የለም። ለሹፌሮቹ የተሰጣቸው ትእዛዝ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘው ዝም ብለው መዞር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ጥሩ ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ከፊቱ ላለው ቀረብ አለና ፍሬኑን ነካ አደረገ። የኋላው ይህን አይቶ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ የእሱ ኋላ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዳንዶቹ ጭራሽ ቀጥ ብለው ቆሙ! መቆሙም እንደ ማዕበል ከአንዱ ወደ ኋላው እየተላለፈ ክቡን ወደ ኋላ ዞረው። ማንም አላጠፋም፤ ሁሉም ግን ቆመ።

እንግዲህ ከመስቀል አደባባይ ወደ ኡራኤል ስትሄዱ ግማሽ መንገድ ላይ ቆማችሁ፣ ቆማችሁ፣ ድንገት ሲለቅ ፊት ምንም ነገር ሳታዩ «ታዲያ ምን ነበር?» ያላችሁበት ቀን ትዝ ካላችሁ፣ ምን እንደነበር ይህ ነው። ከብዙ ደቂቃ በፊት አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ሄዷል።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትሽሹ፣ አጭር ናት። ጥሩ ሹፌር ከፊቱ ካለው መኪና የሁለት ሰከንድ ርቀት ይተዋል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሁለት ሰከንድ 33 ሜትር ይሄዳል። የመኪናዋን ቁመት ጨምረን ብናሰላ በአንድ መስመር በሰዓት ወደ 1,590 መኪና ያልፋል። ፍጥነቱን እጥፍ አድርገን 120 ብናደርገውስ? ክፍተቱም እጥፍ ሆኖ 67 ሜትር ይደርሳል፤ በሰዓት የሚያልፈውም ወደ 1,690 ገደማ ይሆናል። ይኸውላችሁ! ፍጥነት በእጥፍ ጨመረ፤ መንገዱ የሚያሳልፈው መኪና ግን የጨመረው በመቶ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መኪና ፍሬን ተይዞ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ሹፌሮች ደግሞ የሁለት ሰከንዱን ርቀት እንደማይጠብቁ እናንተም እኛም እናውቃለን። በ120 ተጠጋግተው ሲሄዱ አንዱ ፍሬን ከነካ ያ የጃፓኑ ማዕበል ይነሣል።

እንግሊዞች ለንደንን በሚዞረው ኤም 25 በሚባለው አውራ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1995 ያደረጉት ነገር የመጣው ከዚህ ነው። የፍጥነት ወሰኑን የሚለዋወጥ አደረጉት። መንገዱ ውስጥ የተቀበሩ መሣሪያዎች የሚያልፈውን መኪና ይቆጥራሉ። መኪናው መብዛት ሲጀምር፣ ገና ምንም ሳይቆም፣ ከላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ቁጥሩን ዝቅ ያደርጋል። በአዘቦት ወደ 112 ኪሎ ሜትር የነበረው መጀመሪያ ወደ 96፣ ሲብስም ወደ 80 ይወርዳል። የማያከብረውን ካሜራ ይቀርጸዋል። ሹፌሩ «መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ ለምን ቀስ በል ይሉኛል?» ብሎ ቢበሳጭ አይፈረድበትም። ግን ከፊቱ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ላይ ሊቆም የደረሰ ሰልፍ አለ፤ እሱ ቀስ ብሎ ሲደርስ ሰልፉ ተበትኖ ይጠብቀዋል። እየከነፈ ቢደርስ ኖሮ ጅራቱ ላይ ተሰክቶ ሰልፉን ያስረዝመው ነበር።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ!

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ ይቆጨናል። የአዲስ አበባ ሰው ታክሲ ለመያዝ ሰልፍ ያውቃል። ሜክሲኮ ላይ ማታ የሚታየው ሰልፍ ተጠማዝዞ ሕንፃ ይዞራል፤ ከፊት ሊገባ የሞከረ ሰው የሚሰማውን ይሰማል። ያው ሰው ታክሲው ውስጥ ገብቶ ወንበር ከያዘ በኋላ ግን ሹፌሩ በቀኝ ሾልኮ ሠላሳ መኪና ቀድሞ ሲገባ «ጎበዝ!» ይላል። ሰልፉ እኮ ያው ሰልፍ ነው፤ ልዩነቱ በጎማ መሆኑ ነው።

በእኛ ከተማ የፍጥነት ወሰን በሰዓት አይለዋወጥም እንጂ ሌላ ሌላው ተሞክሯል። በ2011 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ከባድ የጭነት መኪኖች ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዳይንቀሳቀሱ፣ ሞተር ብስክሌቶችም እንዲታገዱ ተደረገ። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2012 ዓ.ም፣ የቤት መኪኖች በታርጋ መጨረሻ ቁጥር ሙሉና ጎዶሎ ተብለው ተራ በተራ ወጡ። በየዓመቱ የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ስብሰባ ሲመጣ ደግሞ በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ ዙሪያ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት እናያለን። እነዚህ ሁሉ ማን፣ መቼ ይለፍ የሚሉ ናቸው። እንዴት ይለፍ የሚለው እስካሁን በትራፊክ ፖሊሱ እጅና በሹፌሩ እግር ላይ ነው ያለው። ካዛንቺስ ላይ እጁን አንሥቶ አንዱን ወገን የያዘውን ፖሊስ ስንሰድበው ብንውልም፣ አንዳንዴ የሚሠራው ሥራ ያ የእንግሊዞቹ ሰሌዳ የሚሠራውን ነው፤ ፊት ያለው እስኪቃለል የኋላውን ማቆየት።

የትከሻው ነገር

አሁን ወደ ልጁ ጥያቄ እንመለስ። ያ ባዶ ጠርዝ መሐንዲሶች «የመንገድ ትከሻ» የሚሉት ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የደከመ የሚደገፍበት ነው።

የአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ መስከረም 2007 ዓ.ም ሲመረቅ ለአገራችን የመጀመሪያው ነበር። ርዝመቱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት የመኪና መስመር አለው፤ ከዚያ በስተቀኝ ትከሻው። ትከሻው የተሠራው ለተበላሸ መኪና፣ ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ ነው። ባዶ መሆኑ ሥራ መፍታቱ አይደለም። የሆስፒታል አልጋ ማታ ባዶ ስለሆነ ሄዶ የሚተኛበት ጤነኛ አለ?

እንግሊዞች ግን አንድ ቀን ትከሻውን እንክፈተው አሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 በርሚንግሃም አጠገብ ኤም 42 ላይ ጀመሩት። መንገዱ ሲጨናነቅ ትከሻው እንደ ተጨማሪ መስመር ይከፈታል። ግን ልብ በሉ፣ እንዲሁ አልተከፈተም። መጀመሪያ ሰዎች በካሜራ ትከሻው ላይ የቆመ መኪና አለመኖሩን ያያሉ። ከዚያ የሁሉም መስመር ፍጥነት ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። በየ500 ሜትሩ ገደማ ደግሞ የተበላሸ መኪና የሚገባበት ማረፊያ ተሠርቷል። አንድ መኪና ትከሻው ላይ ከቆመ ከላይ ያለው ሰሌዳ ቀይ የኤክስ ምልክት ያሳይና መስመሩ ይዘጋል። ጀርመኖችም ሆላንዶችም የሚሠሩበት በዚሁ ዓይነት ነው፤ በሆላንድ አረንጓዴ ቀስት ሲበራ ይገባበታል፣ ቀይ ኤክስ ሲበራ ይወጣበታል።

ነገሩ ሠራ። ችግሩ የመጣው ሲለመድ ነው። እንግሊዞች ቀስ በቀስ ወጪ ለመቀነስ በብዙ መንገዶች ላይ ትከሻውን ጭራሽ አጥፍተው ሁልጊዜ የሚነዳበት መስመር አደረጉት። ማረፊያዎቹንም አራራቁ፤ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ደረሰ። መኪናው የተበላሸበት ሰው ማረፊያው ሳይደርስ እዚያው ከሚከንፈው መኪና መካከል መቆም ሆነበት። ካሜራው አይቶ መስመሩን እስኪዘጋ ከኋላ የሚመጣው አይጠብቅም። ሰዎች ሞቱ። የሟች ቤተሰቦች ተነሡ፣ ፓርላማው መረመረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አዲስ የሚሠራው እንዲቆም ተባለ፤ በሚያዝያ 2023 ደግሞ የታቀዱት በሙሉ ተሰረዙ።

እንግዲህ ለልጁ የምንለው ይህን ነው። ወንድማችን፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ትከሻን መክፈት ይቻላል። ሲከፈት ግን ካሜራ የሚያይ ሰው አለ፣ ፍጥነት የሚያወርድ ሰሌዳ አለ፣ ማረፊያ አለ። ይህም ሁሉ ኖሮ ሰው ሞቷል። አንተ በዚያ እሑድ ትከሻውን ስትከፍተው ካሜራውም፣ ሰሌዳውም፣ ማረፊያውም አልነበረህም፤ የነበረህ ፍሬንህ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ሰው ፍሬኑም ላይዝለት ይችላል።

ስለ ጊዜውም እናስላልህ። ከቢሾፍቱ በፍጥነት መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር መጣችሁ ብንል፣ በ120 ስትከንፍ 15 ደቂቃ ይፈጅብሃል። በ100 ብትመጣ 18 ደቂቃ። ሦስት ደቂቃ! በዚያ ላይ 120 የተጻፈው ከዚህ አትለፍ ለማለት ነው እንጂ ከዚህ አታንስ ለማለት አይደለም። ዝናብ ሲጥል፣ ጭጋግ ሲወርድ፣ ፊት ያሉት መኪኖች ቀይ መብራት ሲበዛ የሚለዋወጠው ሰሌዳ አንተ ነህ። እግርህን ከነዳጁ ቀድመህ ካነሣህ ፍሬን መርገጥ ሳያስፈልግህ ሰልፉ ላይ ትደርሳለህ፤ ከኋላህ ያለውም እንዲሁ።

ሌሊት 11 ሰዓት መነሣትህን፣ ሰፈርህ መራቁን አልዘነጋንም። ያ ጥድፊያ ከየት እንደመጣ እናውቃለን፤ በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረ ሰው በቀን ይህን ያህል ሰዓት መንገድ ላይ ሲቀር ቢናደድ እውነት አለው። ግን ያ ጎማ ሲቀይር የነበረ ሰው ቤትህን ከካዛንቺስ አላነሣውም።

አንቺ ደግሞ እህታችን፣ ኩርፊያውን በኩርፊያ አትመልሺው። መኪና ውስጥ እያለ፣ መሪ እንደያዘ አትከራከሪው፤ ያን ጊዜ የሚሰማሽ ያ የማታውቂው ሰው ነው። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ ንገሪው። «ትከሻ ላይ አትውጣ፣ ፍሬቻ አሳይ፣ ስልክ አትንካ፤ እነዚህን ሦስቱን ከጠበቅህ አብሬህ እሄዳለሁ» በይው። እስኪጠብቅ ድረስ በታክሲ መሄድ ፍቅር ማነስ አይደለም። እንዲያውም የምትወጂው ባይሆን ምን አገባሽ?

ከፍጥነት መንገዱ ሳንወጣ አንድ ነገር እንጨምር፤ ትከሻውን በትክክል የሚፈልገው ቀን በእናንተም ላይ ሊመጣ ይችላልና። መኪና ከተበላሸ በተቻለ መጠን ወደ ቀኝ ጥግ አስጠግታችሁ ቁሙ። አራቱንም ፍሬቻ አብሩ። የምትወርዱት በቀኝ በር ነው፤ በግራ አይደለም። መኪናው ውስጥ ማንም አይቆይ፣ ከመኪናው ፊትም ኋላም ማንም አይቁም። የብረት አጥሩን ተሻግራችሁ፣ ከመኪናው ራቅ ብላችሁ ጠብቁ። ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት አርቃችሁ፣ ከኋላ የሚመጣው በጊዜ በሚያየው ቦታ አኑሩት። የፈነዳው የግራ ጎማ ከሆነ ራሳችሁ ለመቀየር አትሞክሩ፤ የመንገዱን ሠራተኞች ወይም ፖሊስ ጠርታችሁ ጠብቁ። ሰው ከተጎዳ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

የካዛንቺስ ትከሻ

«እኔ መኪናም የለኝ፣ ቢሾፍቱም ከሄድኩ ቆየሁ፤ ይህ ምን ይመለከተኛል?» የምትሉ አላችሁ። ቆዩ፣ ወደ እናንተ እየመጣን ነው።

ካዛንቺስ የሚለው ስም ከጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀረ ነው። ኢንቺስ የሚባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራ ነበር፤ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። እንግዲህ መኪና ለጥቂቶች በነበረበት ዘመን የተቆረቆረ ሰፈር ነው። ቆይቶ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መጣ፣ ሆቴሎች መጡ፣ ባንኮችና ቢሮዎች ተደረደሩ። ሰውና መኪና በብዙ እጥፍ ሲጨምር መንገዱ በዚያው ልክ አልሰፋም።

እዚህ የፍጥነት መንገድ የለም፤ ትከሻ ግን አለ። የመንገዱ ቀኝ ጠርዝ ነው። ለብዙ ዓመታት በዚያ ጠርዝ ላይ ምን ነበር? ግማሽ ጎማዋን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥታ የቆመች የቤት መኪና፣ ከጎኗ ደርባ የቆመች ታክሲ፣ ዕቃ የሚያራግፍ አይሱዙ፣ ሎሚና ካልሲ የዘረጋ ነጋዴ። በዚህች ከተማ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። እግረኛው ጠርዙን ሲነጠቅ ወደ መኪናው መስመር ይወርዳል፤ እሱ ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ይረግጣል፤ ፍሬን ሲረገጥ ምን እንደሚሆን ከጃፓኖቹ ሰምተናል።

የኮሪደር ልማቱ ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ የታክሲና የአውቶቡስ መጫኛና ማውረጃ ይዞ መጥቷል። ሰፈርተኛውን ምን እንዳስከፈለ ቅድም አይተናል፤ ጠርዙ ለእግረኛ መመለሱ ግን ትልቅ ነገር ነው። መስቀል አደባባይም በ2013 ዓ.ም ታድሶ ሲከፈት ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ይዞ ነው፤ ጠርዝ ላይ ከመገተር እዚያ አቁሞ አሥር ደቂቃ በእግር መሄድ ይቻላል። በ2016 ዓ.ም ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተባለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። ለአየሩ ደግ ነው። ቁመቷና ወርዷ ግን ያው ነው፤ ባትሪ ይዛም ብትቆም የምትይዘው ቦታ አልቀነሰም።

አሁን የእናንተ ተራ። ማውረጃው ተሠርቷል፣ ምልክቱም ተተክሏል። ሚኒባሱ ማውረጃው ሊደርስ ሃምሳ ሜትር ሲቀረው ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ ይሰማል፦ «ወራጅ አለ!» ረዳቱ ጣራውን ይደበድባል፣ ሹፌሩ እዚያው መሐል መንገድ ይቆማል። ወራጁ ከኋላ ተነሥቶ አራት ሰው እያስነሣ ይወጣል። በር ላይ ሲደርስ ሒሳብ ገና አልከፈለም! ቦርሳ ይከፈታል፣ ድፍን መቶ ብር ይወጣል፣ ረዳቱ ዝርዝር ይፈልጋል፣ መልሱ ይጎድላል፣ ክርክር ይነሣል። ግፋ ቢል ግማሽ ደቂቃ ነው።

ግማሽ ደቂቃ ስንት ነው? በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር በሚኬድበት አንድ መስመር ላይ በየሁለት ሰከንድ ተኩሉ አንድ መኪና ይደርሳል። ስለዚህ ከዚያ ታክሲ ኋላ ወደ 12 መኪና ቆመ ማለት ነው። ታክሲው ሲነሣ ሁሉም አንድ ላይ አይነሡም፤ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ ማርሽ እያስገባ፣ በተራ ነው የሚነሡት። የመጨረሻው ሲነሣ ደግሞ ፊት ያለው ሌላ ታክሲ ሌላ ወራጅ ያወርዳል። ከእነዚያ 12 መኪኖች መካከል አንዷ ሳይረን የምታሰማ አምቡላንስ ልትሆን ትችላለች፤ ካዛንቺስ ላይ ደግሞ እሷ የምትሾልክበት ባዶ ትከሻ የለም።

ከወንበራችሁ ሳትነሡ ሒሳቡን ክፈሉ፤ መልሱንም እዚያው ተቀበሉ። «ወራጅ» የምትሉት ማውረጃው ሲታይ ነው፤ ሲያልፍ ወይም ሳይደርስ አይደለም። ቤታችሁ ማውረጃው ሳይደረስ ቢሆንስ? ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ በአዲሱ የእግረኛ መንገድ አንድ ደቂቃም አይሞላም።